ከተርባይን እስከ ምጣድ፦ የውኃ ኃይል ኮንቨርተሮች ቁጥጥር

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንጀራ መጋገሪያ ሰዓት ሲደርስ የብዙ ቤት ምጣድ አንድ ላይ ይበራል። አንዱ ምጣድ ብቻ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይወስዳል። ፍላጎቱ ድንገት ሲጨምር የጄኔሬተሮች ዙር በጥቂቱ ይቀንስና ፍሪኩዌንሲው ከ50 ሄርዝ ዝቅ ማለት ይጀምራል፤ ያኔ ገቨርነሩ ወደ ተርባይኑ የሚገባውን ውኃ ይጨምራል። ቮልቴጁን የሚጠብቀው ግን ሌላ መሣሪያ ነው፤ ፓወር ኤሌክትሮኒክስም የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ያለው የአባ ሳሙኤል የውኃ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1932 ተሠርቶ፣ ለብዙ ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ትልልቆቹ ጄኔሬተሮች በትራንስፎርመር በኩል በቀጥታ ከመረቡ ጋር ይገናኛሉ። በእንዲህ ዓይነት ማሽን ላይ ኮንቨርተሩ የሚያዘው የሚመነጨውን ኃይል ሳይሆን ሮተሩን መግነጢስ የሚያደርገውን ጅረት (ኤክሳይቴሽን) ነው። ስድስት ታይሪስተሮች፣ ማለትም በምልክት የሚከፈቱ ኤሌክትሮኒክ ማብሪያዎች፣ ተለዋጩን ጅረት ወደ ቀጥተኛ ይለውጣሉ፤ የሚተኮሱበት ቅጽበት ሲዘገይ ቮልቴጁ ይቀንሳል፣ ሲፈጥን ይጨምራል። ቅጽበቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው የፒአይዲ ስሌት ነው። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ቮልቴጅን በፍጥነት የሚያርም ኤክሳይቴሽን በረጅም መስመር ላይ የኃይል መወዛወዝን ሊያባብስ ስለሚችል፣ የሚያረጋጋ ተጨማሪ ምልክት ይታከልበታል።

ሌላው ዘርፍ ዙሩ የሚለዋወጥ ማሽን ነው። በጃፓን ኦካዋቺ፣ ውኃን ወደ ላይ ገፍቶ በሚያከማች ጣቢያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የሮተሩ ጅረት በኮንቨርተር እየተመራ፣ ማሽኑ ውኃ ወደ ላይ በሚገፋበት ጊዜ የሚወስደውን ኃይል ማስተካከል ተችሏል። እዚህ የሚሠራበት የቬክተር ቁጥጥር ነው፤ ጅረቱን ሁለት ቦታ ከፍሎ አንዱን ለጉልበት፣ ሌላውን ለቮልቴጅ ያውለዋል። ተንባይ ቁጥጥር ደግሞ የማሽኑን ቀጣይ ሁኔታ አስልቶ የተሻለውን ትእዛዝ ይመርጣል፤ ፈጣን ነው፣ ግን ትክክለኛ ሞዴል ይፈልጋል።

በአገራችን ትልቁ ኮንቨርተር ያለው ከጄኔሬተር አጠገብ ሳይሆን ወላይታ ሶዶ ነው። ወደ ኬንያ ሱስዋ የሚሄደው 500 ኪሎ ቮልት ቀጥተኛ ጅረት መስመር 1,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል። በተለመደው አሠራር ላኪው ጫፍ ጅረቱን፣ ተቀባዩ ቮልቴጁን ይጠብቃል።

ወጣት ተመራማሪዎቻችን ወደ ተንባይ ቁጥጥር ማዘንበላቸው ደስ ያሰኛል። እኔ ግን መጀመሪያ የኤክሳይቴሽኑን ማረጋጊያ አጥኑ እላለሁ፤ መረባችን በረዘመ ቁጥር ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ነው።