ለጤናችን ሲሉ የሚሞቱ ሕዋሳት

በጤናማ ሰው ደም ውስጥ በየዕለቱ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ነጭ የደም ሕዋሳት ይሞታሉ ብንላችሁ ትደነግጡ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ሞት የበሽታ ምልክት ሳይሆን የጤንነት አካል ነው። እንዴት?

በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ከነጭ ሕዋሳት መካከል በብዛት የሚገኙት ኒውትሮፊል ይባላሉ። ባክቴሪያ ወደ ሰውነታችን ሲገባ ፈጥነው በመድረስ ውጠው ይገድሉታል። የአጥንት መቅኔ በቀን ወደ 100 ቢሊዮን የሚጠጉትን ያመርታል። ዕድሜያቸው ግን አጭር ነው፤ ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ቢሆን ነው።

እነዚህ ሕዋሳት ባክቴሪያ የሚገድሉበትን መርዝ በውስጣቸው ይይዛሉ። አርጅተው ቢፈነዱ መርዙ ፈስሶ የራሳችንን አካል ይጎዳ ነበር። ስለዚህ ጊዜያቸው ሲደርስ ከውስጣቸው በሚነሣ ትእዛዝ በሥርዓት ይሞታሉ። ሕዋሱ ይኮማተራል፤ ሽፋኑ ሳይቀደድ «አንሡኝ» የሚል ያህል ምልክት በላዩ ላይ ይወጣል። በጉበት፣ በጣፊያና በመቅኔ ያሉ ማክሮፋጅ የተባሉ ጽዳት ሠራተኛ ሕዋሳትም ይውጡታል። እ.ኤ.አ. በ1972 ሦስት ተመራማሪዎች ይህን አሟሟት «አፖፕቶሲስ» ብለው ሰየሙት። ቃሉ ግሪክኛ ሲሆን የቅጠል መርገፍን ያመለክታል።

ታዲያ ይህ ሥርዓት ቢዛባስ? መሞት የሚገባቸው ሕዋሳት ሳይሞቱ ከቀሩ ይከማቻሉ፤ አንዳንድ የደም ካንሰሮች የሚከሰቱት በዚህ ሳቢያ ነው። «ፋስ» የተባለው ዘረ-መል ጉድለት ያለባቸው አንዳንድ ሕፃናት ደግሞ ዕጢዎቻቸውና ጣፊያቸው ያብጣሉ፤ የመከላከያ ሕዋሳቱም የራሳቸውን ደም ያጠቃሉ። በተቃራኒው ኤች አይ ቪ በመድኃኒት ካልተገታ ሲዲ 4 የተባሉት ሕዋሳት ከመጠን በላይ ያልቃሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ! ጤና ማለት ሚዛን እንጂ የነጭ ሕዋሳት መብዛት አይደለም። በአዋቂ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ መኖራቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ «የመከላከል አቅም ይጨምራል» እየተባለ ለሚሸጥ ሁሉ ገንዘባችሁን አታውጡ። መቅኔያችሁ የሞቱትን እንዲተካ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ እንደ አቅማችሁ እያፈራረቃችሁ ተመገቡ። የላብራቶሪ ውጤታችሁ ከተለመደው ወጣ ካለ፣ ወይም ዕጢ አብጦ ለሳምንታት ካልጠፋ፣ ወይም ትኩሳት ከደጋገማችሁ ሳትዘገዩ ሐኪም አማክሩ።