የዓሣ ሥጋ ቀለም ከምግቡ እንደሚገኝ

የቤት እመቤት እንቍላል ስትሰብር አስኳሉ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ብታገኘው ደስ ይላታል፤ የነጣ እንደ ሆነ ግን የዶሮዋን ምግብ ትጠረጥራለች። መጠርጠሯም ተገቢ ነው፤ የአስኳል ቀለም ዶሮ ከምትበላው የሚገኝ ነውና። ይህ ነገር በዓሣም ላይ እንዴት እንደሚሠራ፥ ለገዢም ምን ጥያቄ እንደሚያመጣ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ለመግለጥ አስበናል።

በሰሜን አገሮች ባሕርና ወንዝ የሚኖረው ሳልሞን የተባለው ዓሣ ሥጋው ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀይ ነው። ይህን ቀለም ግን ራሱ አይፈጥረውም። በባሕር የሚበላቸው እንደ ሽሪምፕ ያሉ ታናናሽ እንስሳት አስታክሳንቲን የሚባል ቀለም ስላላቸው፥ ያው ቀለም ወደ ሥጋው ይተላለፋል።

በ1962 ዓመተ ምሕረት (በኤውሮፓ 1970) በኖርዌይ አገር በሂትራ ደሴት ሁለት ወንድማማቾች ሳልሞንን በባሕር ላይ በመረብ አጥረው ማርባት ጀመሩ፤ ሥራውም ከዚያ ወዲህ እጅግ ተስፋፋ። በመረብ የታጠረ ዓሣ የሚበላው ባለቤቱ የሚሰጠውን ብቻ ስለ ሆነ፥ ቀለሙ በምግቡ ካልተጨመረ ሥጋው የነጣ ወይም ዐመድማ ይሆናል። ገዢም እንዲህ ያለውን ሳልሞን አይወድም። ስለዚህ አርቢዎች ብዙውን ጊዜ በፋብሪካ የተሠራውን አስታክሳንቲን ከምግቡ ጋራ ይቀላቅላሉ። መጠኑ በአንድ ኪሎ ምግብ የግራም ዐሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። የሥጋውም ቅላት ከ20 እስከ 34 ቍጥር በተሰጠው የቀለም መለኪያ ይመዘናል።

ታዲያ ይህ ገዢን ማታለል ነውን? ቀለሙ ዓሣው በባሕር ከሚያገኘው ጋራ አንድ ዓይነት ስለ ሆነ፥ በላዩ እንደ ተቀባ ቀለም ሊቈጠር አይገባም። ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካንታክሳንቲን የተባለውን ሌላ ቀለም፥ ገላቸውን ለማጥየም በክኒን መልክ ብዙ የዋጡ ሰዎች በዓይናቸው ውስጥ ጥቃቅን ቅንጣት ተገኘባቸው። ስለዚህ የኤውሮፓ ኅብረት በ1995 ዓመተ ምሕረት (በኤውሮፓ 2003) ለሳልሞን የሚፈቀደውን መጠን በኪሎ ምግብ ከ80 ወደ 25 ሚሊግራም ዝቅ አደረገው። በአሜሪካም ሻጭ ቀለም መጨመሩን እንዲያስታውቅ ሕግ ያዝዛል።

ደግሞም ንጉሥ ሳልሞን ከሚባለው ወገን አንዳንዱ ያንኑ ምግብ እየበላ በዘሩ ምክንያት ሥጋው ነጭ ይሆናል፤ ስለ ነጭነቱ ግን የተበላሸ አይደለም።

እንግዲህ ቅላት ዓሣው ምን እንደ በላ ይናገራል እንጂ ስለ ትኵስነቱ አይመሰክርም። ገዢ ሽታውንና የሥጋውን ጥናት ይመርምር፤ ከወዴት እንደ መጣና እንዴት እንደ ረባም ይጠይቅ። ሻጭም እውነቱን ሳይሸሽግ ቢናገር፥ ቀለሙ ለማንም ነውር አይሆንበትም።