የገና አባት ቦርጩን መቀነስ አለበት? ለወላጆች የቀረበ የጤና መረጃ

የፈረንጆች ገና ሲቃረብ በገበያ አዳራሽ፣ በሆቴል መግቢያና በቴሌቪዥን የሚታየውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። ነጭ ጢም፣ ቀይ ልብስ፣ ጥቁር ቀበቶ፣ ትልቅ ቦርጭ። በውጭ አገር የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁን ከእሱ ጋር ፎቶ አስነስታችኋል፤ ለአዲስ አበባ ልጆችም እንግዳ አይደለም። ታዲያ ከመጠን ያለፈ ውፍረት የብዙዎች የጤና ችግር በሆነበት በዚህ ዘመን፣ ልጆች የሚወዱት ይህ ሰው ቀጠን ብሎ መታየት የለበትም?

ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ልጅዎ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ልጆቹ የገና አባት እያሉ ይሰድቡኛል» ቢልዎት ቀልድነቱ ያበቃል።

ቦርጩ ከየት መጣ?

የገና አባት ታሪክ መነሻ የሆነው ቅዱስ ኒኮላስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ቱርክ የነበረ ጳጳስ ነው። በጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ላይ የሚታየው ቀጭን ሽማግሌ ሆኖ ነው። ቦርጩ የመጣው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1823 በኒው ዮርክ ግዛት ጋዜጣ ላይ የታተመ ግጥም ክብ ሆድ ያለው ደስተኛ ሰው አድርጎ ገለጸው። ከ1863 ጀምሮ ሠዓሊው ቶማስ ናስት በመጽሔት ላይ ሣለው። ከ1931 ጀምሮ ደግሞ ሃደን ሰንድብሎም ለኮካ ኮላ ማስታወቂያ የሣላቸው ሥዕሎች ዛሬ የምናውቀውን መልክ በዓለም ላይ አስፋፉት።

ሐኪሞችስ ምን አሉ?

እ.ኤ.አ. በ2009 ታዋቂው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት በገና እትሙ ላይ የገና አባት ለሕዝብ ጤና መጥፎ ምሳሌ ነው የሚል ጽሑፍ አወጣ። ያ እትም በቀልድ የታወቀ ነው፤ ጽሑፉም ጨዋታ ነበረበት። ብዙ የዜና ማሰራጫዎች ግን ከልብ ወስደውት ክርክሩ ተጋጋለ።

የእኔ መልስ አጭር ነው፤ የገና አባትን ማቅጠን ልጆቻችንን ጤናማ አያደርግም። ልጅ የሚወፍረው ወፍራም ሰው በሥዕል ስላየ አይደለም። ስኳር የበዛበት መጠጥና ምግብ፣ እንቅስቃሴ ማነስ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በዘር የሚወረስ ተፈጥሮና አንዳንድ መድኃኒቶች ናቸው ድርሻ ያላቸው። የምግብና የመጠጥ ማስታወቂያም የልጆችን ምርጫ ይለውጣል። ስለዚህ ከገና አባት ሆድ ይልቅ በእጁ የያዘውን ይመልከቱ። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ቆርቆሮ ኮላ 35 ግራም ያህል፣ ማለትም ወደ 9 የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ስኳር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ ይመክራል፤ ለልጅ ልኩ ከዚያም ያንሳል።

ስለ ቦርጭ ግን እውነቱን እንነጋገር

በእኛ ባህል መወፈር ለረጅም ጊዜ የምቾት ምልክት ሆኖ ኖሯል። ከውጭ የመጣን ዘመድ «ወፈርክ፣ አማረብህ» ብለን እናሞግሳለን። ሆኖም ሆድ ዕቃን የሚከበው ስብ ከቆዳ ሥር ካለው ስብ የበለጠ ጉዳት አለው። ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ ስለሚያደርግ ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊት፣ ለጉበት ስብና ለልብ ሕመም ያጋልጣል።

አዋቂዎች ራሳችሁን በቀላሉ መለካት ትችላላችሁ። ቀጥ ብለው ቆመው አየር በቀስታ ያስወጡ። ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ወገብዎን በሜትር ይለኩ። የወገብ ልክዎ ከቁመትዎ ግማሽ ማነስ አለበት። ለምሳሌ ቁመትዎ 170 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወገብዎ ከ85 በታች ቢሆን ይመረጣል። ካለፈ አይደንግጡ፤ ከክብደትዎ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻ እንኳ የደም ግፊትንና የስኳር መጠንን ሊያሻሽል ይችላል።

ስድብ አያቀጥንም

«ልጁ ካፈረ ይቀንሳል» የሚሉ ወላጆች አሉ። ይህ ስሕተት ነው። በውፍረታቸው የሚሰደቡ ልጆች ተደብቀው ወደ መብላት፣ ከስፖርት ወደ መሸሽና ወደ ሐዘን ያመራሉ፤ ክብደታቸውም ብዙ ጊዜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አዋቂዎችም እፍረት ስለሚይዛቸው ሐኪም ቤት መሄድ ያቆማሉ። የገና አባትን ስለ ወፈረ ብቻ ከሥዕል ብናጠፋው፣ ወፍራሙ ልጅ የሚሰማው መልእክት «አንተን የመሰለ ሰው አይወደድም» የሚል ነው። ደግ፣ ሳቂታና ተወዳጅ የሆነ ወፍራም ሰው ማየት ለዚያ ልጅ ጉዳት የለውም።

በቤትዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

• «ቦርጫም» እና «ድቡልቡል» የሚሉ ቅጽል ስሞችን በፍቅርም ቢሆን አይጠቀሙ። አያቶችና አክስቶችም እንዲተዉ በአክብሮት ይንገሯቸው።
• ልጅዎ ከተሰደበ መጀመሪያ ያድምጡት። «አንተም አታበዛ» አይበሉት። ከዚያ መምህሩን ያነጋግሩ።
• ለውጡ ለመላው ቤተሰብ ይሁን። አንዱን ልጅ ከሌሎቹ ነጥለው ምግብ አይከልክሉት።
• ለበዓል ለስላሳ መጠጥ ካለ ለዚያ ቀን ብቻ ይሁን፤ በአዘቦት ቀን ውኃ ይቅረብ።
• ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለባቸው። ኳስ፣ ገመድ ዝላይና እስክስታ ሁሉ ይቆጠራል።
• ከጾም በኋላ ባለው በዓል ሳህኑን አንዴ ከሞሉ በኋላ ጥቂት ጠብቀው ይድገሙ። ልጅን «ጨርስ» ብለው አያስገድዱ።

ልጆችን በራስዎ ውሳኔ ክብደት ለማስቀነስ አይሞክሩ። ገና በማደግ ላይ ስላሉ፣ ለብዙዎቹ ክብደት ባለበት ቆይቶ ቁመት ሲጨምር በቂ ነው። ይህንን የሚወስነው ሐኪም በዕድሜው ሰንጠረዥ ለክቶ ነው።

ሐኪም ማማከር የሚገባው መቼ ነው?

ልጅዎ ውኃ ጥም ከበዛበት፣ ሽንት ከደጋገመ ወይም ያለ ምክንያት ከከሳ በዚያው ቀን ያሳዩት፤ የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል። ሲተኛ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቋረጥ ከሆነ፣ የአንገቱ ቆዳ ጠቁሮ ከወፈረ፣ ጉልበቱን ወይም ዳሌውን ካመመው ቀጠሮ ይያዙ። ትምህርት ቤት አልሄድም ካለ፣ ምግብ ከደበቀ ወይም ራሱን ከጠላም እንዲሁ።

የገና አባት እንዳለ ይቆይ። እርስዎ ግን በቤትዎ የሚጠጣውንና ለልጅዎ የሚነገረውን ይለውጡ።