ተጨማሪ መረጃ፦ ቦሎቄ መቼ ይዘራ?
ባቄላ ብርድን በመጠኑ ይችላል፤ ቦሎቄና ፎሶሊያ ግን ውርጭ አንድ ሌሊት ካገኛቸው ይጠወልጋሉ። ስለዚህ ክረምታቸው በረዶ በሆነባቸው አገሮች ቦሎቄ የሚዘራው የመጨረሻው ውርጭ ካለፈና አፈሩ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከሞቀ በኋላ ነው። ቀድሞ የተዘራው በቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ውስጥ ሳይበቅል ይበሰብሳል።

ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ፣ በደንበል (ዝዋይ) ሐይቅ ዳር በምትገኘው ባቱ ግን የዘር ጊዜን በዋናነት የሚወስነው ዝናብ ነው። በዝናብ የሚያመርቱ ገበሬዎች ቦሎቄን በአብዛኛው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይዘራሉ። ሰብሉ በ3 ወር ገደማ ስለሚደርስ አጨዳው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ይውላል። በጣም ከተቻኮሉ የደረሰውን ፍሬ ዝናብ ያበላሸዋል፤ ከዘገዩ ደግሞ ተክሉ በሚያብብበት ጊዜ እርጥበት ያጥረዋል።

ከሐይቁ በፓምፕ ውሃ ስበው ፎሶሊያ የሚያለሙት ዝናብ አይጠብቁም። ለእነሱ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የሌሊት ብርድ ዕድገቱን ቢያጓትተውም ሰብሉን እምብዛም አይገድለውም። ይልቅ የሚያሳስበው የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ነው፤ ቀኑ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ አበባው መርገፍ ይጀምራል።