ጨውና በዘር የሚወረስ የደም ግፊት

ለነጋዴ ጨው እንግዳ ዕቃ አይደለም። አሞሌ ለብዙ ዘመን በአገራችን ገበያ በገንዘብ ፈንታ ሲያገለግል ኖሯል፤ ዛሬም በአፋር ከአፍዴራ ሐይቅ የሚመረተው ጨው እስከ አቃቂ በሰቃ ሱቆች ይደርሳል። ይሁን እንጂ ጨው መዝኖ የሚሸጠው ባለሱቅ በራሱ ማዕድ ላይ የሚያርፈውን መጠን አይመዝንም። ወላጆቹ የደም ግፊት ላለባቸው ሰው ግን ይህ ሚዛን እጅግ ያስፈልገዋል።

ከወላጅ የሚወረሰው ሕመሙ ራሱ ሳይሆን ዝንባሌው ነው። ትርፍ ጨውን ከደም አጣርቶ የሚያስወጣው ኩላሊት ሲሆን፣ በአንዳንድ ቤተ ዘመድ ይህን ሥራ በዝግታ ይፈጽማል። የቀረው ጨው ውኃ ይዞ ይቈያል፤ በደም ሥር ያለው ፈሳሽ ይበዛል፤ ግፊቱም ከፍ ይላል። አሜሪካዊው ሐኪም ሌዊስ ዳል እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1962 ይህንኑ በአይጦች አሳይተዋል። በዘር ተመርጠው ከተራቡት ሁለት ወገኖች፣ ጨው የበዛበት መኖ ሲሰጣቸው፣ የአንደኛው ግፊት ሲያሻቅብ የሌላው እምብዛም አልተነካም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በ2015 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ግን አማካዩ ከ8 ግራም በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ጨው የሚገባው በወጥ ብቻ ሳይሆን በበርበሬው፣ በሽሮውና በዳቦውም ጭምር ነውና።

ስለዚህ የታሸገ ምግብ የምታስመጡ ነጋዴዎች፣ በማሸጊያው ላይ ሶዲየም ብቻ ተጽፎ ብታገኙ፣ ቍጥሩን በ2.5 አባዝታችሁ የጨውን መጠን ዕወቁ። በርበሬና ሽሮ የምታዘጋጁ ባለሱቆችም ጨው ያልገባበትን ለብቻው ብታቀርቡ፣ ሐኪም ጨው ቀንስ ያለው ደንበኛ ያመሰግናችኋል። ጨው መቀነስ ማለት ግን አዮዲን የሌለውን መግዛት አይደለም፤ አዮዲን ያለበትን በጥቂቱ መጠቀም ነው።

የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አያሳይም፤ ደኅና መስሎ በሱቁ የዋለ ሰው በድንገት በአንጎል ደም መፍሰስ ሊወድቅ ይችላል። በቤተ ዘመዱ ይህ ሕመም ያለበት ነጋዴ፣ ሒሳቡን በየጊዜው እንደሚመረምር ሁሉ፣ ግፊቱንም በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ ያስለካ። መድኃኒት የታዘዘለትም ጨው ቀንሻለሁ ብሎ መድኃኒቱን አያቋርጥ።