ጆንያና ጣውላ፦ የተዳፋት ሒሳብ አሠራር

በፊዚክስ ፈተና ብዙ ተማሪዎቻችን ነጥብ የሚጥሉበት ጥያቄ በተዳፋት ላይ ስለሚንቀሳቀስ ዕቃ የሚጠይቀው ነው። በካምፕ ውስጥ ግን ይህ ጥያቄ በመጽሐፍ ብቻ የቀረ አይደለም። ጫኝና አውራጅ ወንድሞቻችን ጆንያ በጣውላ ላይ እየገፉ ወደ መኪና ሲያወጡ በየቀኑ ይገጥማቸዋል፤ ስሕተቱም እግር ሊሰብር ይችላል።

50 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጆንያ ከመሬት 1.2 ሜትር ከፍ ወዳለ ካሶኒ ይወጣል እንበል። የጣውላው ርዝመት 2.4 ሜትር ነው። የመሬትን ስበት ለሒሳቡ እንዲቀል 10 ብለን ብንይዝ የጆንያው ክብደት 500 ኒውተን ይሆናል።

ፎርሙላ ከመፈለጋችሁ በፊት ሥዕል ሣሉ። ክብደት የሚስበው በቀጥታ ወደ ታች ነው እንጂ ጣውላውን ተከትሎ አይደለም። ስለዚህ ለሁለት እንከፍለዋለን፤ አንዱ ጆንያውን በጣውላው ላይ ወደ ታች ይጎትታል፣ ሌላው ጆንያውን ከጣውላው ጋር ያጣብቃል። አንግሉ አልተሰጠንም ብላችሁ አትደንግጡ፤ ከፍታው ለርዝመቱ ሲካፈል ሳይን ራሱ ነው። 1.2 ለ2.4 ሲካፈል 0.5 ይሆናል፤ ስለዚህ የሚጎትተው 250 ኒውተን ነው። ኮሳይኑ በፓይታጎረስ ሕግ 0.866 ስለሚሆን የሚያጣብቀው 433 ኒውተን ነው።

አሁን ሰበቃ ይምጣ። የጆንያና የጣውላው የሰበቃ ቁጥር 0.4 ቢሆን የሚባዛው በ433 ነው፤ በ500 የሚያባዛ ተማሪ ግን በየክፍሉ አይጠፋም። ውጤቱ 173 ኒውተን ነው። ሰበቃ ምንጊዜም እንቅስቃሴን ይቃወማል። ወደ ላይ ስንገፋ ወደ ታች ስለሚይዝ የሚያስፈልገን ጉልበት 250 ሲደመር 173፣ ማለትም 423 ኒውተን ነው። ገፊው ቢደክመውና ቢለቀውስ? ሰበቃው አቅጣጫውን ይለውጣል፤ 250 ሲቀነስ 173፣ 77 ኒውተን ይተርፋል። ይህ ለ50 ሲካፈል 1.54 ይሆናል፤ በእንግሊዝኛው ትምህርት አክስለሬሽን የምትሉት ነው። ከጣውላው ጫፍ የተለቀቀ ጆንያ ሁለት ሴኮንድ ሳይሞላ ከታች የቆመው ሰው ላይ ይደርሳል።

ጣውላው 4 ሜትር ቢሆንስ? ሳይኑ 0.3 ስለሚሆን የሚጎትተው 150 ኒውተን ብቻ ነው። የሚያጣብቀው 477፣ ሰበቃው ደግሞ እስከ 191 ይደርሳል። ለመግፋት 341 ኒውተን ይበቃል፤ ቢለቁትም ጆንያው ባለበት ይቆማል። እዚህ ላይ ከ191 ላይ 150 ቀንሶ 41 ኒውተን ወደ ላይ ይገፋዋል የሚል ተማሪ አለ። ማንም ሳይነካው ሽቅብ የሚወጣ ጆንያ ግን የትም አልታየም! 191 የሰበቃው ጣሪያ ነው እንጂ ሁልጊዜ የሚሠራበት መጠን አይደለም፤ ጆንያውን ለማቆም የሚያስፈልገው 150 ስለሆነ 150 ብቻ ይይዛል።

ረጅሙ ጣውላ በነፃ አልተገኘም። 423 በ2.4 ሲባዛ 1015 ጁል ሥራ ነው፤ 341 በ4 ሲባዛ ግን 1364 ይሆናል። ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ድካሙ ይረዝማል። እኔ ብሆን ግን ረጅሙን እመርጣለሁ።

ለልምምድ፦ ይኸው ባለ 4 ሜትር ጣውላ ዝናብ ነክቶት የሰበቃው ቁጥር ወደ 0.2 ቢወርድ፣ የተለቀቀው ጆንያ ይቆማል ወይስ ይንሸራተታል? ከተንሸራተተ አክስለሬሽኑ ስንት ነው? ሠርታችሁ 1.1 ገደማ ካገኛችሁ ልክ ናችሁ።