ሕፃናት ለመጠበቅ ከሰው ቤት ስለሚቀመጡ የባዕድ አገር ወጣቶች

በኤውሮጳ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ይኸውም ያንዱ አገር ወጣት የሌላውን አገር ቋንቋ ይማር ዘንድ ከወላጆቹ ተለይቶ ከማያውቀው ቤተ ሰብ ጋራ ይቀመጣል፤ የቤቱን ሕፃናትም ይጠብቃል። ባለቤቶቹ ስለዚህ ፈንታ ማደሪያና ምግብ፥ ለኪሱም ጥቂት ገንዘብ ይሰጡታል። የሚበዙቱ ልጃገረዶች ናቸው። ፈረንሳዮች ይህን «ኦ ፔር» ይሉታል፤ ትርጓሜውም በእኩልነት ማለት ነው። ወጣቲቱ ከቤተ ሰቡ ጋራ ከማዕድ ትቀመጣለች እንጂ ከጓዳ ገብታ የተረፈውን አትበላም።

ስሙ ያማረ ነው። ነገር ግን የሕፃን ጥበቃ ወሰን የለውም። ሕፃኑ ከምሳ በኋላ ሲተኛ ወጣቲቱ መጽሐፏን ትገልጣለች፤ ወዲያው ያልታጠበ ልብስ ይቀርብላታል። ማታ ባልና ሚስት ለእራት ተጠርተው ሲወጡ የምትቀረው እርሷ ናት። ሌሊት ሕፃኑ ቢያለቅስስ የሚነሣው ማን ነው? በደመወዝ የተቀጠረች ሞግዚት ሰዓቷ ሲደርስ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ «አንቺ እኮ የቤት ልጅ ነሽ» የተባለችው ግን እንቢ ለማለት ታፍራለች። ይህን ቃል እኛም በአገራችን እናውቀዋለን። ትምህርት ቤት እናስገባታለን ተብሎ ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ፥ «እንደ ልጃችን ናት» እየተባለች ውሃ ስትቀዳና ሕፃን ስታዝል ስንት ዓመት ያልፋል!

ስለዚህ የኤውሮጳ ምክር ቤት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. በእስትራስቡርግ ከተማ ስለነዚህ ወጣቶች አንድ ስምምነት አወጣ። ስምምነቱ ተማሪዎችም ሠራተኞችም አይላቸውም፤ ከሁለቱም ጠባይ ያላቸው ልዩ ወገን ናቸው ይላል። ዕድሜያቸው ከ17 እስከ 30 ይሆናል፤ የሚቀመጡበትም ጊዜ ቢራዘም ከሁለት ዓመት አያልፍም። ሥራቸው በአብዛኛው በቀን ከ5 ሰዓት እንዳይበልጥ፥ ቋንቋ የሚማሩበትም ጊዜ እንዲሰጣቸው ተወስኗል። በየሳምንቱ አንድ ሙሉ ቀን ያርፋሉ፤ ከነዚህም ቀኖች ቢያንስ በወር አንዱ እሑድ መሆን አለበት፤ ሃይማኖታቸውንም ከመፈጸም አይከለከሉም። ሰንበትን ያልዘነጋ ሕግ አውጪ በእውነት አስተዋይ ነው። ውሉም በጽሑፍ ይደረጋል፤ የሚሻለውም ወጣቱ ከአገሩ ሳይነሣ ነው። ይሁን እንጂ ስምምነቱን ያጸደቁት መንግሥታት ጥቂቶች ናቸው።

ልማዱ ወደ አሜሪካ በ1986 ዓ.ም. በመንግሥት ፈቃድ በገባ ጊዜ ሥራው ከበደ። በዚያ ወጣቲቱ በቀን እስከ 10፥ በሳምንትም እስከ 45 ሰዓት ትሠራለች። በ2014 ዓ.ም. በዴንቨር ከተማ ክስ ሲቀርብ የሳምንቱ ክፍያ 195 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነበር። ከሳሾቹ፥ አገናኝ ድርጅቶች ተመካክረው ክፍያው ከዚህ ከፍ እንዳይል አድርገዋል ብለው ተከራከሩ። በ2019 ዓ.ም. ነገሩ ከፍርድ ሳይደርስ ድርጅቶቹ 65 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ሊከፍሉ ተስማሙ።

እንግዲህ ልጁን ወደዚህ ሥራ የሚሰድ ወላጅ ስለ ቤቱ ማማርና ስለ ባለቤቶቹ ደግነት ከመጠየቁ አስቀድሞ፥ የሥራው ሰዓት ስንት እንደ ሆነ፥ ዕረፍቱ በየትኛው ቀን እንደሚውልና ልጁ የምትተኛበት ክፍል የብቻዋ እንደ ሆነ በውሉ ተጽፎ ይመልከት።